በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የእሳት ደሴቶች

ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ፣ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከእንጦጦ ጫፍ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ከተማውን አያገኘውም። ጉም ውጦታል። ከጉሙ በላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የተራሮች ራስ ብቻ ናቸው፦ በስተምዕራብ ወጨጫ፣ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ፉሪ፣ በስተምሥራቅ የረር፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ብቻውን የቆመው ዝቋላ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጉሙ ይገፈፋል፣ ቆርቆሮውና ፎቁ ይወጣል፣ ደሴቶቹም መልሰው ተራራ ይሆናሉ።

አራቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከቢሾፍቱ ሐይቆችና ራቅ ካለው ከወንጪ ጋር ሲደመሩ፣ መዲናዋን ከብበው የሚገኙ ጸጥ ያሉ የተፈጥሮ ቦታዎች አብዛኞቹ እሳት የሠራቸው ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ሞቃታማው ቀበቶ የእሳተ ገሞራ ደሴት ሲነሣ የሚታሰበው ኮሞሮስ፣ ሬዩኒየን ወይም ሃዋይ ነው፦ ከውቅያኖስ መሐል ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ፣ ጫፉ ላይ ደመና፣ ጎኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ግርጌው ላይ ጥቁር አሸዋ። አዲስ አበባም በዚሁ ቀበቶ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ብርዱን ያመጣው ከፍታው ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ሲፈነዳ የኖረው የኮሞሮሱ ካርታላ ጫፉ 2,361 ሜትር ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ተብሎ በተለምዶ የሚጠቀሰው 2,355 ነው። የኮሞሮስ መዲና የሞሮኒ ሰው ሲያለከልክ ወጥቶ የሚደርስበት ከፍታ ላይ እኛ ታክሲ እንሰለፋለን። የእኛዎቹ ተራሮች የሚጀምሩት ያኛው ከሚያልቅበት ነው፤ ወጨጫ 3,385 ሜትር ይደርሳል፣ የረር ወደ 3,100፣ ዝቋላ 2,989።

የሚለያዩት በዙሪያቸው ባለው ነገር ነው። እነዚያን የከበባቸው ጨው ውሃ ነው፤ እነዚህን የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የአጥር ግንብና የብሎኬት ቤት። ለጫካ አውሬ ግን ልዩነቱ ብዙም አይደለም። ጉሬዛ ከዛፉ ወርዶ፣ ማሳውንና የቀለበት መንገዱን አቋርጦ ከወጨጫ ወደ የረር አይሻገርም። ዘሩ ካለበት ተራራ ላይ ከጠፋ ጠፋ ነው።

የተራሮቹ ታሪክ ከስምጥ ሸለቆው ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ምድሩ እየተለጠጠ ሲሳሳ ከሥር የቀለጠው ዓለት በስንጥቁ መውጫ አገኘ። እንጦጦ ከሁሉም አንጋፋ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከእርሱ በኋላ፣ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት መጡ። የቢሾፍቱ ጉድጓዶች በምድር አቆጣጠር የትናንት ልጆች ናቸው። ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ቤት ያሠሩት ለፍል ውሃው ብለው ነበር፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው እሳተ ገሞራ ባሞቀው ውሃ አጠገብ ነው ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አምፖል ሲያወዛውዝም ብዙ ሰው ያስታወሰው ይህንኑ ነው።

በዳርቻው የሚኖር ሰው ተራራ ባይወጣም እሳተ ገሞራውን በየቀኑ ይነካዋል። የቤቱ መሠረት ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የቀዘቀዘ ገሞራ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ፣ አንዱን ሰብሮ ቢያየው ከሲሚንቶው መሐል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ጠጠር ያገኛል፤ ፑሚስ ነው፣ ገሞራው ሲፈነዳ በጋዝ እንደ አረፋ ተነፍቶ የደረቀ። ሠፈሩ መንገድ ሲሠራለት የሚደፋው ቀይ አሽም ከትንንሽ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች የተቆፈረ ነው። ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ ሲኬድ ግማሽ ጎናቸው የተበላ ኮረብታዎች ይታያሉ፤ የባሕር ደሴትን ማዕበል ይሸረሽረዋል፣ እነዚህን ገልባጭ መኪና ጨርሷቸዋል። ሰው በገሞራ ድንጋይ መጠቀሙ እርግጥ አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ በአዋሽ ዳር ባለችው መልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት እየሰነጠቁ ስለት ይሠሩ ነበር። ቦታው በአቅራቢያው ካለችው ባልጭት ከምትባል ቦታ ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ደሴት መባል የሚገባው በወጨጫ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከሰበታ ወይም ከሆለታ በኩል ይገባበታል፤ በሁለቱም በኩል መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራቆተውን ተራራ አይተው ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለዋል። ኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዳይነካ አስከብረውታል። አንድ ጫካ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ «አትንኩኝ» እየተባለለት መኖሩ በእኛ አገር ብርቅ ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

ደኑ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። በግርጌው ዝግባ፣ ወይራና ጥድ ይበዛሉ፤ አንዳንዱን ዝግባ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞም አያቅፈውም። ከፍ ሲባል ጥዱ ይበረታል፤ ከዚያ በቀይ ዘለላው የሚታወቀው ኮሶ ይመጣል፣ አያቶቻችን ትል የሚያስወጡበት መራራው ኮሶ። ወደ ጫፉ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታና ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላይ ንፋስና ሣር ነው። በአንድ ቀን መንገድ ከወይና ደጋ ተነሥቶ የውርጭ ደጃፍ ይደረሳል።

ጸጥታውን የሚፈልግ ሰው ግን ጫፉን ትቶ ከጥዱ መሐል ቢቀመጥ ይሻለዋል። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይከፈታል፦ ግንድ የሚቆረቁር ግንደ ቆርቁር፣ ከላይ የሚወርድ የፍሬ ልጣጭ። ልጣጩን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ጉሬዛ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ነጭ ካባውን ቁልቁል ለቆ፣ ጅራቱን እንደ ጭራ አንጠልጥሎ፣ የሚያየውን ሰው በንቀት እያየ ቅጠሉን ያኝካል። ንጋት ላይ የሚያሰማው ግን ሌላ ነው፤ ከጉሮሮው የሚወጣው የሚያንኮራፋ ድምፅ ሸለቆ ለሸለቆ ይቀባበላል፤ አዲስ ሰው አውሬ መጣብኝ ብሎ ይደነግጣል። የምኒልክ ድኩላም እዚህ ይኖራል፤ ወንዱ ጥቁር ለማለት ጥቂት የቀረው ነው፤ እንዳየ ይሰወራል። ነብር አለ ይባላል፣ አለም፤ ግን የሚያየው ዕድለኛ ነው ወይስ ዕድለ ቢስ፣ መፍረዱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ሌሎቹን ተራሮች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፉሪ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆኖ እግሩን ቤት በልቶታል፣ ራሱን አንቴና ይዞታል። የረር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ጎልቶ የሚታይ፣ ከሩቅ የሚያምር፣ ከቅርብ ዛፍ የራቀው ተራራ ነው። እንጦጦ ደኑ ሰፊ ቢሆንም አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ያስቀራት ይኸው ፈጥኖ የሚያድገው ዛፍ ነው። ውለታውን መካድ አይገባም፤ ሆኖም ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፤ ወፉም ከሱባው ጋር አይወዳደርም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእግር ጉዞ ምቹ ነው፤ ለጸጥታ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ካልሆነ አይመከርም።

ቢሾፍቱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ እሳቱ የሠራው ጉብታ ሳይሆን ጉድጓድ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቃል። ወደ ላይ የሚወጣው የቀለጠ ዓለት የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ ያው ነገር በተራራ ልክ ሆነ፤ እንፋሎቱ መሬቱን ከነድንጋዩ ወደ ሰማይ በትኖ ክብ ጉድጓድ ትቶ ሄደ፤ ጉድጓዱም ውሃ ሞላ። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ሃያ ፎቅ ያለው ሕንፃ ቢቆምበት ይሰወራል። ሆራና ባቦጋያ በዚያው መንገድ የተገኙ ናቸው። ጨለለቃ ግን ጥልቀት የሌለው፣ በጋ ላይ የሚሸሽ ረግረግ ነው።

የሐይቆቹ ጠርዝ ገደል ስለሆነ ንፋስ ብዙም አይደርስባቸውም፤ ጠዋት ላይ መስታወት ይመስላሉ። ይህ እርጋታ ግን አንዳንዴ ያታልላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የላዩ ውሃ በርዶ ይከብድና ይሰምጣል፤ ኦክስጅን ያጣው የሥሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ ዓሣው ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፎ ይገኛል። የአካባቢው ሰው «ሐይቁ ተገለበጠ» ሲል የሊቃውንቱን ማብራሪያ በሁለት ቃል ጨርሶታል። አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ቀለሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባል በዓይን ከማይታይ ሕይወት ነው፤ ፍላሚንጎዎች የሚመጡትም እሱን ሊበሉ ነው። ኪሎሌም እንዲሁ አረንጓዴና ጨዋማ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞጆ ወንዝ ውሃ ሲለቀቅበት ጣዕሙም ቀለሙም ተለወጠ። አንድ ቦይ ተቆፍሮ የብዙ ሺህ ዓመት ሐይቅ ሌላ ሐይቅ ሆነ።

ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። በዚያን ቀን ጸጥታ አይታሰብም፤ ሰው ጎርፍ ሆኖ ወርዶ እርጥብ ሣርና አበባ ውሃ ውስጥ እየነከረ ያመሰግናል። በሌሎቹ ቀናት ጸጥታውን የሚያበላሸው ድምፅ ማጉያ ነው፣ ከሐይቅ ዳር መዝናኛ የሚለቀቀው። ከዚያ የከፋው አጥሩ ነው። የሐይቆቹ ዳር በብዙ ቦታ ስለተያዘ፣ ለቡና ብቻ የመጣ ሰው ውሃውን በአጥር ቀዳዳ እያየ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ሐይቅን ከነጸጥታው መሸጥ ይቻላል፤ ጸጥታውን ብቻ ነጥሎ ማስቀረት ግን ማንም አልቻለበትም።

ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ከሜዳው ተነጥሎ ቆሟል፤ የደሴትን መልክ የመሰለ ከእርሱ ወዲያ የለም። አናቱ ላይ የእሳተ ገሞራው አፍ አለ፤ በአፉ ውስጥ ሐይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ጥድ፣ በጥዱ መሐል የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ሐይቁ የተቀደሰ ስለሆነ አይዋኝበትም። በዓሉ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው፤ በመጋቢቱ ሕዝቡ በእግር፣ በበቅሎና በመኪና ይጎርፋል። ጥዱ የቆየው ጥበቃ ተቀጥሮለት ሳይሆን የአቦ ነው ተብሎ ነው። በእኛ ደጋ ላይ አሮጌ ዛፍ ፈልጎ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቢፈልግ አይሳሳትም።

እውነተኛ ደሴት የሚፈልግ ግን ወደ ወንጪ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በአምቦ ወይም በወሊሶ በኩል ወደ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ዳርቻ ማለት ያስቸግራል፤ ጎረቤቱ ደንዲም፣ ሁለት ክብ ሐይቆች ተያይዘው ስምንት ቁጥር የሠሩበት፣ እንዲሁ ሩቅ ነው። ወንጪ ከ«ገበታ ለአገር» ፕሮጀክቶች አንዱ ከሆነ ወዲህ መንገዱ ተስተካክሏል፤ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መዝገብ አስገብቶታል።

ከአፋፉ ወደ ታች ሲታይ ሐይቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ዳርና ዳሩ እንሰት፣ በላዩ አስታ። ከሥር፣ በሸለቆው በኩል፣ ፍል ውሃና ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ከድንጋይ ይፈልቃል። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሚደረሰውም በጀልባ ነው። ለመሻገር ጠዋቱ ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሣል፣ ከአፋፉም ጉም ይወርዳል። ቀዛፊው መሐል ላይ መቅዘፊያውን ካነሣ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል፤ ከደሴቱም፣ የቅዳሴ ሰዓት ከሆነ፣ ደወል።