ሱፐርሂሮዎች በገጽ እና በስክሪን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሱፐርማንን ወይም ስፓይደርማንን መጀመሪያ በወረቀት ላይ የተዋወቀ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኞቻችን ያወቅናቸው በቪዲዮ ቤት፣ በኋላም ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በፍላሽ እያስጫንን በወሰድናቸው ፊልሞች ነው። በዚህ ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ ካፌዎች የሚነሳው ክርክር ፊልሙን መነሻ፣ ኮሚኩን (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረከውን መጽሔት) ደግሞ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ሩቅ ምንጭ አድርጎ ይወስዳል። ከዚያ ክርክር ሥር የሰደዱ ጥቂት አመለካከቶችን ቀጥለን እንመረምራለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ፊልሙ ኮሚኩን አበላሽቶታል።»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት እትሞችን በስልካቸው ያነበቡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የሚከራከሩትም ሳይለወጥ የኖረ አንድ ዋና ቅጂ አለ ከሚል እምነት ተነስተው ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ ግን ኖሮ አያውቅም። ሱፐርማን በ1938 በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ሲወጣ አይበርም ነበር፤ በአንድ ዝላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል መሄድ ነበር የሚችለው። ኃይሉን የሚያሳጣው ክሪፕቶናይት በ1943 መጀመሪያ የተሰማው በሬዲዮ ድራማ ሲሆን፣ ሱፐርማን የሚሠራበት ጋዜጣ አለቃ ፔሪ ዋይትም ከዚያው ሬዲዮ የመጣ ነው። የባትማን አገልጋይ አልፍሬድ በመጀመሪያ ወፍራም ሰው ነበር፤ በ1943 በተሠራው ተከታታይ ፊልም ቀጭንና ባለ ሪዝ ተዋናይ ስለተጫወተው፣ ሠዓሊዎቹ የገጸ ባሕርዩን መልክ ከተዋናዩ ጋር አስማሙት። ከባትማን ጠላቶች አንዷ ሃርሊ ኩዊን በ1992 በቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ከታየች በኋላ ነው ወደ ኮሚክ የገባችው። ፊልም ሠሪዎችን «ባትማን አይገድልም» እያሉ የሚወቅሱ ሰዎችም በ1939 የወጡትን ታሪኮች ቢመለከቱ፣ ሽጉጥ የያዘና ሰው የሚገድል ባትማን ያገኛሉ።

ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ለውጥ መኖሩን ሳይሆን ለውጡ ለታሪኩ ምን እንደጨመረለት ነው። በ1991 በወጣው ኮሚክ ታኖስ የተባለው ክፉ ገጸ ባሕርይ የፍጥረትን ግማሽ የሚያጠፋው በሴት አካል የተመሰለችውን ሞትን አፍቅሮ፣ እሷን ለማስደሰት ነው፤ በ2018ቱ የአቬንጀርስ (የጀግኖች ቡድን) ፊልም ግን ሀብት ለሁሉም አይበቃም የሚል ሒሳብ ያቀርባል። በእኔ ግምት የኮሚኩ እብደት ይሻላል፤ ምክንያቱም የፊልሙ ሒሳብ አያስኬድም። የምድር ሕዝብ በ2022 ስምንት ቢሊዮን ሲደርስ፣ የዚህ ግማሽ የነበረው በ1974 ገደማ ነው፤ ታኖስ ያን ሁሉ ፍጅት ፈጽሞ የሚያተርፈው ሃምሳ ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። እንዲህም ሆኖ በየካፌው «ታኖስ እኮ ልክ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም።

«የማርቭልን ጀግኖች ሁሉ የፈጠራቸው ስታን ሊ ነው።»

የኮሚክ አሳታሚው የማርቭል ጸሐፊና አርታዒ የነበረው ስታን ሊ በፊልሞቹ ውስጥ ለአፍታ ብቅ እያለ ስለሚታይ ይህ አመለካከት ቢስፋፋ አያስገርምም፤ ሆኖም ከሁሉም ይልቅ ሊታረም የሚገባው ይኸው ነው። ካፒቴን አሜሪካን በ1941 የፈጠሩት ጆ ሳይመን እና ጃክ ከርቢ ሲሆኑ፣ ሊ ያን ጊዜ ገና በቢሮው ረዳት ሆኖ የሚሠራ ጎረምሳ ነበር። ስፓይደርማን በ1962 የሊ እና የሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ የጋራ ሥራ ነው። በዚያን ዘመን በማርቭል በተለመደው አሠራር ሊ አጭር የታሪክ ሐሳብ ይሰጣል፣ ሠዓሊው ትዕይንቱን በየገጹ አቀናብሮ ይሥላል፣ ንግግሩ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሠዓሊው የታሪኩም ተካፋይ ነበር።

ሱፐርማንንና ባትማንን በሚያሳትመው በሌላው ኩባንያ በዲሲ የሆነው ከዚህ ይብሳል። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሱፐርማንን ሙሉ መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው፤ ስማቸው እንዲመለስና በየዓመቱ ሃያ ሺህ ዶላር እንዲከፈላቸው የተወሰነው በ1975፣ ትልቁ ፊልም ሊሠራ በታሰበበት ወቅት ነበር። የባትማንን ታሪክና አለባበስ በመቅረጽ ትልቅ ድርሻ የነበረው ቢል ፊንገር ደግሞ በ1974 ሞቶ፣ ስሙ የባትማን ፈጣሪ ተብሎ ብቻውን ይጠቀስ ከነበረው ከቦብ ኬን ጎን እንዲጻፍ ዲሲ የተስማማው በ2015 ነው። የጀግናው ካባ ቀለም ተለወጠ ብለን ስንሟገት የምናመሸውን ያህል፣ ፊልሙ ሲያልቅ የሚያልፉትን ስሞች ብናነብ ክርክራችን መልኩ ይለወጥ ነበር።

«ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት።»

አይደለችም፤ ዋካንዳ ሊ እና ከርቢ በ1966 ብላክ ፓንተር የተባለውን አፍሪካዊ ጀግና ሲያስተዋውቁ የፈጠሯት አገር ናት። ጀግናው ስሙን ያገኘው ተመሳሳይ ስም ካለው የጥቁር አሜሪካውያን ፓርቲ ነው መባሉም ስሕተት ነው፤ ፓርቲው የተመሠረተው ገጸ ባሕርዩ ከወጣ ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ነው። የ2018ቱ የብላክ ፓንተር ፊልም ቋንቋውን ከደቡብ አፍሪካው ኮሳ፣ ብርድ ልብሱን ከሌሶቶ፣ ሌላውን ደግሞ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ወስዷል። ከእኛ የተወሰደ የሚመስለው ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገው ሽማግሌ ነው፤ ከጅማ ዞን ጫፍ የሚያልፈው ጊቤ ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ በሚባልበት አካባቢ የሚኖሩትን ሙርሲዎች ያስታውሳል። ነገር ግን በሙርሲ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው።

«ኮሚክ የልጆች ነገር ነው።»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ኮሚክ በብዛት ያነቡ ነበር። የልጅ ነገር የመሰለው በአመዛኙ በ1954 ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል ክስ በሴኔት ፊት ከቀረበ በኋላ፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ጥብቅ የቁጥጥር ደንብ ስላወጡ ነው። ደንቡ ክፉ ሰው ሁልጊዜ እንዲሸነፍና ባለሥልጣን እንዳይናቅ ያዝዝ ነበር። ማርቭል በ1971 ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያወሳ የስፓይደርማን ታሪክ ደንቡ መከበሩን የሚያሳየው ማኅተም ሳይኖርበት አሳተመ፤ ደንቡም በዚያው ዓመት ላላ።

«ስፓይደርማን በመጀመሪያዎቹ የአቬንጀርስ ፊልሞች ያልታየው ታሪኩ ስላልፈለገው ነው።»

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። በ1990ዎቹ ለኪሳራ የተዳረገው ማርቭል የስፓይደርማንን የፊልም መብት ለፊልም ኩባንያው ለሶኒ ሸጦት ስለነበር፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2015 እስኪስማሙ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

«ከመጀመሪያው እትም ያልጀመረ አይገባውም።»

ይህን ፈርተው ንባቡን የተዉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ክምር ከሥሩ ጀምሮ አንብቦ የጨረሰ አድናቂ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ጸሐፊዎቹ ለአዲስ አንባቢ በር የሚከፍቱ ታሪኮችን በየጊዜው ያዘጋጃሉ። ፍራንክ ሚለር ጽፎት ዴቪድ ማዙኬሊ የሣለው የባትማን የመጀመሪያ ዓመት ታሪክ በ1987 በአራት እትሞች የወጣ ነው፤ ምንም ቀድሞ ማንበብ ሳያስፈልግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ የተሠሩ የባትማን ፊልሞች ምን እንደወሰዱበትም በግልጽ ይታያል።