ኢንፍራሬድ ቴርሞግራፊ ምንድን ነው?

የአውሮፕላን ክንፍ ውስጡ ተላቆ እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ክንፉን የሚቆርጥ የለም። ዕቃውን ሳይጎዱ የሚፈትሹባቸው ዘዴዎች አሉ። አልትራሳውንድና ኤክስሬይ የታወቁት ናቸው። ኢንፍራሬድ ቴርሞግራፊም አንዱ ነው።

ማንኛውም ዕቃ እንደ ሙቀቱ መጠን ኢንፍራሬድ የሚባል ለዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል። የዘዴው ካሜራ ይህን ጨረር ተቀብሎ የሙቀት ምስል ያወጣል። ብዙ ሰው ታዲያ ካሜራው ዕቃውን ሰንጥቆ ውስጡን የሚያይ ይመስለዋል። አያይም! የሚያየው የላዩን ሙቀት ብቻ ነው።

ታዲያ የውስጡ ጉድለት እንዴት ይታወቃል? የዕቃው ገጽ በኃይለኛ ፍላሽ ለቅጽበት ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቅ ይጀምራል። ከሥር ንብርብሩ ተላቆ ከሆነ መሃል ላይ የገባው አየር ሙቀቱን እንደ ልብ አያሳልፈውም። ስለዚህ ከጉድለቱ በላይ ያለው ገጽ ከዙሪያው ዘግይቶ ይቀዘቅዛል፤ ምስሉ ላይም ሞቅ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከወደመች በኋላ ናሳ የቀሪዎቹን መንኮራኩሮች የክንፍ ፊት የካርቦን ሽፋን በዚሁ መንገድ ይፈትሽ ነበር።

አንድ ፎቶ ግን አይበቃም። ምስሉ በተከታታይ መቀረጽ አለበት፤ ምክንያቱም ምልክቱ ብቅ ያለበት ጊዜ የጉድለቱን ጥልቀት ይጠቁማል። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ 4 እጥፍ ይረዝማል። ምልክቱም እየደበዘዘ ይሄዳል። ጥልቅ ያለ ትንሽ ጉድለት በዚህ ዘዴ ማደን ድካም ብቻ ነው። በልምድ እንደሚባለው የጉድለቱ ስፋት ቢያንስ ከጥልቀቱ መብለጥ አለበት።

ፍላሽ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። የድልድይ ኮንክሪትን ፀሐይ ታሞቀዋለች። ከሥሩ የተላቀቀው ቦታ ቀን ላይ ከዙሪያው ይበልጥ ሞቆ፣ ማታ ደግሞ ይበልጥ ቀዝቅዞ ይታያል። አውሮፕላንም እንዳረፈ ቶሎ ከታየ፣ አካሉ ውስጥ ሰርጎ የገባ ውሃ ከላይ የያዘውን ቅዝቃዜ ገና ስላልለቀቀ ራሱን ያጋልጣል።

ራስ ምታቱ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። የራሱን ጨረር የሚለቀው በጥቂቱ ነው፤ የሌላውን ግን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ፈታሹ የገዛ ሰውነቱን ሙቀት አይቶ «ጉድለት አገኘሁ» ሊል ይችላል። መላው ቀላል ነው፦ ከፍተሻው በፊት በውሃ የሚታጠብ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም መቀባት።