የማይዳሰስ ቅርስ በሙዚየም፦ አያያዙና አቀራረቡ

የማይዳሰስ ቅርስ የሚባለው ሰው በአፉ፣ በእጁና በልቡ ይዞት የሚኖር፣ ካልተነገረ ወይም ካልተደረገ በስተቀር የማይታይ ሀብት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው ስምምነት በአምስት ዘርፍ ይከፍለዋል፦ የቃል ትውፊት፣ የክዋኔ ጥበባት፣ ማኅበራዊ ሥርዓቶችና በዓላት፣ ስለ ተፈጥሮ ያለ እውቀት እና ባህላዊ የዕደ ጥበብ ሙያ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በዚያው አቆጣጠር በ2006 ተቀብላ መስቀልን በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ የገዳ ሥርዓትን በ2016፣ ጥምቀትን በ2019፣ የሐረሪዎችን ሹዋሊድ በ2023 በዓለም አቀፉ መዝገብ አስፍራለች።

ሙዚየም ግን ከመነሻው ዕቃ ለማኖር የተሠራ ቤት ነው። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት «የማይዳሰስ» የሚለውን ቃል በትርጓሜው ውስጥ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ የዕቃ አያያዝ ልማድ ለሙያና ለዜማ አይበቃም።

በበገና እንየው። በገና ሁለት ቋሚ እንጨቶች፣ ከላይ የሚያያይዛቸው ቀንበርና ከታች ቆዳ የለበሰ ገበቴ አለው፤ አሥሩ አውታሮቹ በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው። ድምፁን ከክራር የሚለየው ነገር ግን ከሩቅ አይታይም። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ ገበቴው ላይ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የታጠፈች ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው አውታሩን በጣቱ እየነካ እንዝራዋን ጥቂት ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ መንዘር ይጀምራል። ትንሽ ካለፈች ንዝረቱ ይጠፋል። ብዙ ደርዳሪዎች ከአሥሩ አውታሮች አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ ይመታሉ፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ማሳያ ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቆይ እንዝራዎቹ ደርቀው ይወድቃሉ፣ አንጀቱም ይሰባበራል። መግለጫው «በገና፤ እንጨት፣ ቆዳ፣ አንጀት» ይላል፤ ስለ ንዝረቱ፣ ስለ ጣት አጣጣሉ፣ በዐቢይ ጾም ለምን እንደሚደረደር ግን አንድም ቃል የለበትም። እዚህ ላይ ቅርስ ጠባቂውና ደርዳሪው ይጋጫሉ። ጠባቂው ቀንበሩ እንዳይሰነጠቅ አውታሩ እንዲላላ ይፈልጋል፤ ደርዳሪው ደግሞ ካልተወጠረ በገና አይደለም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መፍትሔው ሁለት በገና መያዝ ነው። አሮጌው አውታሩ ላልቶ፣ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሆኖ፣ ብርሃኑ ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ዝቅ ብሎ ያርፋል። ሌላው ዛሬ በሕይወት ላለ ሠሪ ታዝዞ ይሠራል፤ ጎብኚ የሚነካው፣ ደርዳሪም የሚጫወትበት እሱ ነው። ትእዛዙ ለሠሪው ገቢ ይሆነዋል፤ ከእንጨት መረጣ እስከ አንጀት ፈተላ ያለውን ሥራ ለመቅረጽም ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

የቀረጻ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው። አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልጋል፦ ቀረጻው የት ይታያል፣ ማን ይቀዳዋል፣ ባለሙያው ቢጸጸት ማስወጣት ይችላል ወይ፣ ከሞቱ በኋላስ ማን ይወስናል? ይህ ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ ተነግሯቸው፣ መጻፍ ለማይችሉ ፈቃዳቸው በድምፅ ይቀዳል። ለሙሾና ለለቅሶ ዜማ ጥንቃቄው ይበረታል፤ የሟች ስም የሚነሳበት ግጥም የቤተሰቡም ነውና።

ከዚያ ሁለት ጊዜ መቅረጽ ይገባል። አንዴ በራሱ ወቅት፣ በበዓሉ ወይም በሥርዓቱ መሐል፣ ማንም ሳያቋርጠው። ሌላ ጊዜ ጸጥ ባለ ቦታ፣ እጁ ከቅርብ እየታየ፣ ባለሙያው ሥራውን እያዘገመ ሲያስረዳ። የመጀመሪያው ብቻ ከተያዘ ግርግሩ ይቀርና ሙያው ያመልጣል፤ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ሰዎቹ ለምን እንደሚያደርጉት አይገባም።

ድምፁ ሳይጨመቅ በሚያዝበት በዌቭ ፋይል፣ ቢያንስ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ይቀዳል፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል። የስልክ መቅጃ ጫጫታ የሚያጣራበት ሥርዓት ስላለው የበገናን ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ይዘጋ። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ።

ከቅጂው ጋር የሚሄደው ካርድ የባለሙያውን ስም፣ ቦታውን፣ ቋንቋውንና አጋጣሚውን ይይዛል። በእኛ አገር የሚደጋገም ስህተት ቀኑ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረት ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ካልተጻፈ መዝገቡ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛነፋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው 9 ብሎ የመዘገበው በሰዎቹ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሌሊት የሚቆም ማኅሌት በመዝገብ ላይ ቀን ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ማሳያው ስንመጣ፣ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዋናው ዐውደ ርእይ ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ከመደርደር ይልቅ በሰው ዕድሜ ያስኬዳቸዋል፦ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ጎብኚው «ይህ የማን ነው?» ከማለት አልፎ «ይህ መቼና ለምን ያገለግላል?» ወደሚለው ይደርሳል፤ ለማይዳሰስ ቅርስ የሚስማማው ጥያቄም ይኸኛው ነው።

ድምፅና ምስል ሲጨመር ቀድሞ የሚያስቸግረው የድምፅ መደበላለቅ ነው። በአንድ አዳራሽ ሁለት ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ሁለቱም አይሰሙም፤ የጆሮ ማዳመጫ ወይም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማጉያ ይሻላል። ተራኪ በዜማው ላይ መናገር የለበትም፤ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ።

በአካል የሚቀርብ ትዕይንትም የራሱ ችግር አለው። የቡና ሥርዓት ለጎብኚ ሲባል በአሥር ደቂቃ ይታጠርና በአቦል ያበቃል። ቶናና በረካ ሲቀሩ ግን ዋናው ይቀራል፤ በሦስቱ መሐል ጎረቤት ይጠያየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ መጨረሻም ምርቃት ይሰጣል። ጊዜ ከሌለ አቦሉን ብቻ ከማፍላት ይልቅ መርሐ ግብሩን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይመረጣል።

የማይታይም አለ። ታቦት ለምእመን ዓይን አይገለጥም። በብሪትሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት፣ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ፣ ተሸፍነው በተዘጋ ክፍል ይኖራሉ፤ የሙዚየሙ ባልደረቦችም አያዩአቸውም። ሊያሳያቸው፣ ሊያጠናቸውም የማይችል ቤት ለምን እንደያዛቸው ማስረዳት አይችልም፤ ቦታቸው መንበራቸው ነው። በዚህ ረገድ ምሳሌያቸውን ሠርቶ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም፤ ስለ ጥምቀት ለማሳየት ሰልፉ፣ ዜማውና ጃንጥላው ይበቃል።

አገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ ወደ ሙዚየም ሲገባ ደግሞ የርክክብ ውሉ ዕቃውን ለሥርዓቱ መልሶ የማዋስ አንቀጽ ይኑረው። የገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ በዚያ ወቅት የሚያዝ ዕቃ በሳጥን ተቆልፎ ከቀረ ሥርዓቱ ይጎድላል። ዕቃው ቅቤ ተቀብቶ ከተመለሰም ለማጠብ መቸኮል አያስፈልግም። እንዳለ ፎቶ ይነሳል፤ ማን እንደቀባው፣ የትና መቼ እንደተቀባ በመዝገቡ ይጻፋል፤ ቅቤው ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውንም የሚወስኑት ዕቃውን የተዋሱት አባቶች ናቸው።