ስለ ላገር ቢራ ወሎ ውስጥ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጊዮርጊስ ይሻላል፣ ዳሸን ይሻላል፣ የለም ሐበሻ ነው፣ ራያን የሚያህል የለም። ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ግሮሰሪ በተከፈተበት ሁሉ የማያልቅ ክርክር ነው። ክርክሩ ባልከፋ፤ ግን ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ነገር አብዛኛው ስህተት ነው። "የፋብሪካው ጣዕም" ከሚባለው ልዩነት ብዙው የሚመጣው ቢራው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው፦ መኪና ላይ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ፍሪጅ ውስጥና ብርጭቆ ውስጥ። በብዛት የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

"ላገር ማለት ቀለል ያለ ቢጫ ቢራ ነው"

ላገርን ላገር የሚያሰኘው እርሾውና የሚፈላበት ሙቀት ነው። የላገር እርሾ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያነስ፣ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሲጨርስ ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል። ከዚያ ቢራው ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሌላው ወገን ኤል ይባላል፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ላይ በጥቂት ቀናት ይፈላና የፍራፍሬ መዓዛ ይይዛል።

ቀለም የብቅሉ ጉዳይ ነው፤ ብቅሉ በተቆላ ቁጥር ቢራው ይጠቁራል። የሙኒኩ ዱንክል ቡና ይመስላል፣ ግን ላገር ነው፤ አልኮሉም 5 በመቶ አካባቢ ነው። ዶፕልቦክ የሚባለው 7 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖም ላገር ነው። ስለዚህ "ጥቁር ስለሆነ ይከብዳል" ብሎ መፍራትም "ቢጫ ስለሆነ አያሰክርም" ብሎ መድፈርም አያዋጣም። የአልኮሉ መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ እሱን ማንበብ ነው።

"ጠላ የኛ ላገር ነው"

አይደለም፤ ይህን ማለት ደግሞ ጠላን ማሳነስ አይሆንም። ጠላን በዋናነት የሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ ነው፤ የዳቦና የኤል እርሾ ወገን ነው። አብሮት ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፤ ጠላ ሲሰነብት የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። የሚፈላውም ቤት ውስጥ ባለው ሙቀት ነው። ምሬቱ ከጌሾ ነው፤ ቢራ ግን የሚመረው ሆፕስ በሚባል መራራ አበባ ነው። የጭስ ጣዕሙ ከታጠነው ጋን፣ ጥቁረቱ ከተቆላው እህል ይመጣል።

እነዚህን ሁለት መጠጦች በአንድ ሚዛን የሚያወዳድር ሰው ሁለቱንም ይበድላል። ጭስና ኮምጣጣነት ለጠላ ሙያ ነው፣ ለተለመደው የግሮሰሪ ላገር ግን ጉድለት ነው። ላገር ኮምጠጥ ካለባችሁ ወይ የድራፍቱ መስመር (ቢራው የሚያልፍበት ቱቦ) ቆሽሿል፣ ወይ ቢራው ተበላሽቷል።

"የኮምቦልቻ ቢራ የሚጣፍጠው በውሃው ነው"

ኮምቦልቻ ላይ የቢጂአይ ፋብሪካ አለ፤ እዚያ የሚጠጣው ጊዮርጊስ ከሌላው ቦታ ይለያል የሚል ሰውም ሞልቷል። ልዩነቱን ይሰሙ ይሆናል፣ ምክንያቱን ግን ይስታሉ። ዘመናዊ ፋብሪካ ውሃን እንደመጣ አይጠቀምም፤ ያጣራል፣ ማዕድኑን ይቀንሳል ወይ ይጨምራል፣ ካልሲየሙንና አሲድነቱን ይቆጣጠራል። ይህን የሚያደርገውም በተለያየ ከተማ የተመረተው አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲኖረው ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ያለው ትልቁ ጥቅም ቅርበቱ ነው። ቢራው ከፋብሪካ ወጥቶ ግሮሰሪ የሚገባው በአጭር ጊዜ ነው። በተቃራኒው ከደብረ ብርሃን የተጫነ ዳሸን ወይም ሐበሻ ኮምቦልቻ ለመድረስ ጣርማ በርን ወርዶ፣ የሸዋ ሮቢትንና የከሚሴን ቆላ አቋርጦ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገዱ ብቻውን አይጎዳውም። የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ሲከመር ነው።

በቢራ ሙያ የታወቀ ግምታዊ ስሌት አለ፦ በ32 ዲግሪ ለ3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ ለ30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ለ300 ቀን የተቀመጠ ቢራ እርጅናው ተቀራራቢ ነው። የባቲን ቀን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደሴ መጋዘን ውስጥ ወር ሙሉ የሚቆየውን ቢራ ባቲ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለማርጀት አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ያረጀ ላገር መጀመሪያ የሆፕስ ሽታውን ያጣል፤ ቀጥሎ የረጠበ ካርቶን መሽተት ይጀምራል፤ በመጨረሻ ማር ማር የሚል ጣፋጭነት ይይዛል። ይህ እንግዲህ "ዳሸን ድሮ ቀረ" ወይም "ጊዮርጊስ ተበላሽቷል" ተብሎ የሚወራው ነገር ነው።

የቢራውን ቀን ስታነቡ ደግሞ አቆጣጠሩን ልብ በሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከታተመ ወር 3 ማለት የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው፣ ኅዳር አይደለም።

"አልኮሉም ጋዙም ከውጭ ይጨመርበታል"

አልኮሉ አይጨመርም። እርሾ የብቅሉን ስኳር ሲበላ የሚያወጣው ነው፤ ከመፍላቱ በፊት 12 በመቶ ገደማ የሚሟሟ ንጥረ ነገር፣ ባብዛኛው ስኳር፣ የያዘ የብቅል ውሃ ወደ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ይወጣዋል። ጋዙ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ሲፈላ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋብሪካዎች ሰብስበው፣ አጽድተው፣ በሊትር 5 ግራም አካባቢ እስኪደርስ መልሰው ያስገቡታል። ጋዙ ግን ያው ነው፤ እርሾው ያወጣውም በሲሊንደር የመጣውም ልዩነት የለውም።

"አረፋ ሌብነት ነው"

ይህ ክስ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግማሽ ጃምቦ አረፋ ሰጥቶ ሙሉ ሂሳብ መቀበል ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን ጨርሶ አረፋ የሌለው ቢራ ይሰጠኝ ማለት ራስን መጉዳት ነው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ አረፋ የሆፕሱን ሽታ ወደ አፍንጫ ያደርሳል፤ ከመጠን ያለፈውን ጋዝም ብርጭቆው ላይ ያስወጣል። አለበለዚያ ያ ጋዝ የሚወጣው ሆድ ውስጥ ነው፤ "ይህ ቢራ ይነፋኛል" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቢራውን በብርጭቆው ግድግዳ እያንሸራተተ ያለ አረፋ የሚቀዳ ሰው ነው። ብርጭቆውን አጋድሞ መጀመር፣ ግማሽ ሲደርስ ቀጥ ማድረግና መሐሉ ላይ ማፍሰስ ነው።

አረፋ ወዲያው ከጠፋ ቢራውን ከመክሰሳችሁ በፊት ብርጭቆውን መርምሩ። ቅባት የአረፋ ጠላት ነው። ጥብስ የበላ ከንፈር፣ ሊፕስቲክ፣ በደንብ ያልታጠበ ፈሳሽ ሳሙና፣ የወጥ ሰሃን የታጠበበት ስፖንጅ ሁሉም ይገድሉታል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ብርጭቆውን በውሃ አርጥቡና ውስጡን ደቃቅ ጨው በትኑበት። ጨው ያልያዘው ቦታ ቅባት አለው። ሌላም ምልክት አለ፤ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ በተጎነጫችሁ ቁጥር አረፋው ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይቀራል፣ በቆሸሸው ላይ ግን ጋዙ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ እንደ ብጉር ይታያል።

ድራፍት ለሚሸጡ ደግሞ ደሴ ላይ አንድ የተለየ ጣጣ አለ፣ ከፍታው። ጋዙን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ላይ የሚነበበው ቁጥር የበርሜሉ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያንሳል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በ0.2 ባር ያንሳል። ስለዚህ መመሪያው ለ4 ዲግሪ በርሜል 0.8 ባር ካለ ኮምቦልቻ ላይ 1 ባር፣ ደሴ ላይ 1.05 ገደማ መሆን አለበት። በመመሪያው ቁጥር ከተተወ ጋዙ ከቢራው እየተለየ ቱቦው ውስጥ ይሰበሰባል፤ መጀመሪያ አረፋ ብቻ ይወርዳል፣ በኋላ የሞተ ቢራ። ቀጂው ያን ጊዜ የሚያደርገው ግፊቱን ይብስ መቀነስ ነው፤ ነገሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው።

በርሜሉ ውጭ ሆኖ ቢራው ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ በርሜል ጋዙን ይዞ እንዲቆይ ደሴ ላይ ወደ 2 ባር ይፈልጋል። በርሜሉን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ በሬጉሌተር ማስተካከል ግን አይሞከር።

"ድራፍት ውሃ ይገባበታል"

ድራፍቱና ጠርሙሱ የሚመጡት ከአንድ ታንክ ነው። ልዩነቱ ጠርሙሱ ከታሸገ በኋላ በ60 ዲግሪ አካባቢ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ መሞቁ ነው፤ ድራፍት ይህን ስለማያልፍ ወይም ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚሞቅ ለስለስ ይላል፣ ቶሎም ይበላሻል። በግፊት በታሸገ በርሜል ውስጥ ውሃ መጨመር የሚያደክም ሥራ ነው። ጃምቦው ላይ ለሚደረገው ግን ዋስትና አንሰጥም።

ቀጥኖ የሚሰማው ድራፍት አብዛኛውን ጊዜ ጋዙን ያጣ ነው። ኮምጣጤ ወይም ቅቤ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። መስመሩ በየ14 ቀኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ በሆነ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ በፓምፕ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ፓምፕ ከሌለ ውህዱ ቱቦው ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ውህዱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ ነው፤ ኮስቲክ ቆዳ ይልጣል። የመቅጃውን ጫፍ ፈትቶ በብሩሽ ማጠብ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ነው፤ ዝንብ የሚያርፍበትም እዚያው ላይ ነው።

"አንዴ ቀዝቅዞ ከሞቀ አለቀለት"

ከፍሪጅ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ያደረ ቢራ እንደገና ቢቀዘቅዝ ምንም አይሆንም። የሚያረጀው ሙቀት ላይ በቆየው ልክ ነው። መቀዝቀዝና መሞቅ መፈራረቁ ለብቻው አይገድለውም። የሚጎዳው በሌላው ጫፍ ያለው ልማድ ነው፣ በረዶ እስኪሠራ ማቀዝቀዝ። 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል፤ ጠርሙሱ ባይፈነዳ እንኳ ፕሮቲኑ ይለያይና ይደፈርሳል። በዚያ ቅዝቃዜ ምላስም ስለሚደነዝዝ ሁሉም ቢራ አንድ ይሆናል።

የሚቸኩል ሰው ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ይጨምር። 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል፤ ፍሪጅ ለዚሁ ሥራ ሰዓታት ይፈልጋል።

"የጠርሙሱ ቀለም ለውበት ነው"

ብርሃን ከሆፕሱ መራራ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ የድኝ ሽታ ያለው ውህድ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን በደንብ ይከለክላል፣ አረንጓዴው ጥቂት ብቻ፣ ነጩ ምንም አይከለክልም። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አረንጓዴ ጠርሙስ ቢሸት አይግረማችሁ።

"ቢራ ለኩላሊት መድኃኒት ነው"

አልኮል ሰውነት ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ሽንት ያበዛል። ሽንት መብዛቱ ግን ጠጠር ታከመ ማለት አይደለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ይጠይቅ፣ ውሃ ይጠጣ።

"የኔን ቢራ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ"

ይሞከር። ሁለት ዓይነት ላገር ምረጡ፤ የምርት ቀናቸው ተቀራራቢ ይሁን፣ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ዕድሜያቸውን ነው። ሁለቱንም ከ6 እስከ 8 ዲግሪ አድርሱ። አንድ ሰው ለብቻው ሆኖ በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ይቅዳ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው ሌላ። የጠጪው ሥራ የተለየውን መጠቆም ብቻ ነው። በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ አንዴ ማግኘት ምንም አያሳይም። በ6 ዙር 5 ጊዜ ያገኘ ግን በእርግጥ ይለያል፤ ይህ በዕድል የሚሆነው 2 በመቶ ገደማ ነው። በየዙሩ ሁለት ጉንጭ ይበቃል፤ ብርጭቆ ሙሉ ከተቀዳ ስድስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ይጣፍጣል። በመሐል ውሃና ያልተቀባ ዳቦ ይቀርባል፤ በርበሬ ያለበት ነገር አይቀርብም።

የገበያው ላገሮች ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ አብዛኞቹም ከ4.5 እስከ 5.5 በመቶ አልኮል ውስጥ ስለሚወድቁ፣ አፉን ሞልቶ የሚከራከረው ሰው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

የኛን ምርጫ ለምትጠይቁ፦ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ቶሎ በርሜል የሚቀይር ቤት ያለ ጊዮርጊስ ድራፍትን የሚያህል አናገኝም። ደሴ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ብቅሉ ወፈር ያለ ላገር 8 ዲግሪ ላይ ሲጠጣ ይሻላል። ባቲ ላይ ቀለል ያለውን፣ ከፍሪጅ እንደወጣ። ወልድያ ላይ ግን ምርጫችን ስም አይጠይቅም፤ የሁሉንም ሳጥን ቀን አይተን በቅርቡ የተመረተውን እናነሳለን።