ገፊ አውሮፕላን ምንድን ነው?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አንዳንዶቹ ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሮ የተገጣጠሙ ይመስሉታል። አብራሪው ገንዳ በሚመስል መቀመጫ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል፤ ሞተሩ ከጀርባው፣ ፕሮፔለሩም ከሞተሩ ኋላ ነው። ጭራው ደግሞ ከክንፎቹ በወጡ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሏል። ገፊ የሚባለው ይኸው ነው። ሌላው አውሮፕላን በሬ ሞፈር እንደሚስብ ከፊት ሲጎተት፣ ይህኛው እንደ እጅ ጋሪ ከኋላ ይገፋል።

ይህን ቅርጽ ለተዋጊ አውሮፕላን ያስመረጠው መትረየስ ነው። ከአየር ላይ ዒላማ ለመምታት የሚቀለው አውሮፕላኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲተኮስ ነው፤ ፕሮፔለሩ ከፊት ካለ ግን ጥይቱ የራስን ፕሮፔለር ይቆርጣል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1915 አጋማሽ በፎከር አውሮፕላናቸው ላይ ጥይቱ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል እንዲያልፍ የሚያደርግ መሣሪያ ገጠሙ። እንግሊዞች እንዲህ ያለ አስተማማኝ መሣሪያ ገና ስላልነበራቸው ፕሮፔለሩን ራሱን ከጥይቱ መንገድ አነሱት።

ሁለት ክንፍ መደራረቡም እዚህ ላይ ጠቀመ። እንጨትና ጨርቅ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች በምሰሶና በተጠላለፈ ሽቦ ሲታሰሩ ግን እንደ ሳጥን ይጠነክራሉ፣ ክብደታቸውም አይበዛም። የጭራው ዘንጎች ከላይኛውም ከታችኛውም ክንፍ ላይ ይታሰራሉ።

ከገፊዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው በጄፍሪ ዲ ሃቪላንድ የተነደፈው ዲኤች 2 ነው፤ ባለ አንድ ሰው፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1916 በሜጀር ላኖ ሆከር የሚመራው 24ኛው ስኳድሮን (የእንግሊዝ አውሮፕላን ክፍል) ይዞት ፈረንሳይ ገባ። መትረየሱ መጀመሪያ የሚዞር ነበር፤ አንድ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አውሮፕላንም መትረየስም ሊመራ አይችልም። ሆከር መትረየሱን አንድ ቦታ ላይ አስሮ አውሮፕላኑን በሙሉ ማነጣጠሪያ አደረገው። እኔን ግን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ብርዱ ነው፤ ከፊት የሚከልል ሞተር የለም፣ 47 ጥይት የሚይዘው ካዝና ሲያልቅ በዚያ ነፋስ ውስጥ በደነዘዘ እጅ መቀየር ነበር።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ያ ሁሉ ዘንግና ሽቦ ነፋሱን ስለሚጋፈጥ ፍጥነት ይበላል። ኅዳር 23 ቀን 1916 (እ.ኤ.አ.) ሆከር አልባትሮስ የተባለውን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ከሚያበርረው ከጀርመናዊው ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን ጋር ገጠመ። ዲኤች 2 በጠባቡ ለመዞር ስለሚመች ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ተሽከረከሩ፤ ነፋሱ ከምዕራብ ይነፍስ ስለነበረም ወደ ጀርመኖች ወገን ተገፉ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ሆከር ዙሩን ትቶ ወደ ወገኑ መስመር ለማምለጥ ሞከረ። በቀጥታ ሩጫ አልባትሮሱ ይበልጠው ነበር፤ የሆከር መትረየስ ደግሞ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው።