ዲስክ ፍሬን ምንድን ነው? የድሮ ቮልስን ከታምቡር ወደ ዲስክ በአቅም ስለመቀየር

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በድሮ ቮልስ የወረደ ሰው ያን ሽታ አይረሳውም። መጀመሪያ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ በመስኮት ይገባል። ቀጥሎ እግር ያውቀዋል፤ ፔዳሉ ከቅድሙ ጠለቅ ብሎ ይረገጣል፣ መኪናው ግን ከቅድሙ ያነሰ ይይዛል። ጥቂት ኩርባ ከታለፈ በኋላ ፔዳሉ ወለሉን ሊነካ ምንም አይቀረውም። እኔ እዚያ ቁልቁለት ላይ መኪናዬን ዳር አስይዤ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቼ፣ ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጫለሁ። ከበረደ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ያዘ። የተበጠሰ ነገር አልነበረም፣ ያፈሰሰ ዘይትም አልነበረም። ታምቡር ሲግል የሚያመጣው ጠባይ ነው።

ዲስክ ፍሬን ለዚሁ ጠባይ መፍትሔ ነው ማለት ይቻላል። ታምቡር ድስት የሚመስል ብረት ሲሆን ከጎማው ጋር ይዞራል። በሆዱ ውስጥ ሸራ (ፍሬን ሲያዝ የሚፋተገው ልባስ) የተለበጠባቸው ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ እነዚህን ወደ ውጭ ይገፋቸውና ከድስቱ የውስጥ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ዲስክ ላይ ድስቱ የለም። ከጎማው ጋር የሚዞረው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ካሊፐር የሚባለው መቆንጠጫ ሁለት ሸራዎች ይዞ ሳህኑን ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል። የብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን ከሁለት ጎን ሲቆነጥጥ ያየ ሰው የዲስክን አሠራር አይቶታል።

ብረት ሲግል ይሰፋል። ታምቡር ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራው ሊደርስበት የበለጠ መጓዝ አለበት፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ይጠልቃል። ዲስክ ሲሰፋ ግን ወደ ሸራው ይጠጋል። በዚያ ላይ ታምቡር ሙቀቱን ሆዱ ውስጥ ያፍነዋል፣ ዲስክ ነፋስ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ታምቡር የገባበትን ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ከዲስክ ላይ ግን ውኃው ወዲያው ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ የቀረውን ሸራው ይጠርገዋል።

የሙቀቱን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,100 ኪሎ የሚመዝን ቮልስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም፣ ፍሬኑ ወደ 270 ኪሎ ጁል የሚሆን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ያው መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ (የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወርዳል) የሚለቀው ጉልበት ወደ 10,800 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ከ80 ተነስቶ 40 ጊዜ ተከታትሎ እንደመቆም ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋስና ሞተር የሚሸከሙት ድርሻ አለ፤ ለዚህ ነው የድሮ ሾፌሮች ቁልቁለት ከመግባታቸው በፊት ማርሽ የሚቀንሱት። ማርሹን ያልቀነሰ ሰው ሁሉንም ታምቡሩ ላይ ይጭናል። የፍሬን ዘይቱም የራሱ ወሰን አለው፤ አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ዓመታት ቆይቶ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይት ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ምንም ነገር ሳይበጠስ የሚመጣው እንዲህ ነው።

አንድ የተለመደ እምነት ግን ላርም። ዲስክ ያስገባ መኪና በአጭር ርቀት ይቆማል ተብሎ ይታሰባል። በደንብ የተስተካከለ ታምቡር በመጀመሪያው እርግጫ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ማሰር ይችላል፤ ጎማው ከታሰረ በኋላ ርቀቱን የሚወስነው ጎማውና አስፋልቱ ነው። እንዲያውም ታምቡር ራሱን የሚያግዝበት ጠባይ አለው። የታምቡሩ መዞር የፊተኛውን ሸራ እየጎተተ ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል፣ ስለዚህ በቀላል እርግጫ ይይዛል። ዲስክ ይህ እገዛ የለውም፣ ሁሉም ከእግር ነው። ከባድ መኪኖች ላይ ዲስክ ሲገባ ሰርቮ (የእግርን ግፊት የሚያጎለብት መሣሪያ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቮልስ ባዶውን 800 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ፋብሪካው ራሱ ዲስኩን ያለ ሰርቮ አውጥቶታል። ታዲያ ዲስክ ምን ይሰጣል? አሥረኛውን እርግጫ። የመጀመሪያውና አሥረኛው እርግጫ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ዓባይ ላይ የጎደለኝም እሱ ነበር።

ሐሳቡ ከቮልስ ራሱ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቼስተር የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ዝናው የወጣው ግን ጃጓር በ1953 «ለ ማን» የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው። ሲትሮየን ዲኤስ በ1955 ለፊት ጎማዎቹ ዲስክ ይዞ ወጣ። ቮልስዋገን ዘግየት ብሎ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ነሐሴ፣ ለአውሮፓ ገበያ በሠራው ባለ 1500 ሞተር ቮልስ ፊት ላይ ዲስክ አደረገ፤ የቮልስ ዘመድ የሆነው ካርማን ጊያም በዚያው ዘመን ዲስክ አገኘ። ለአሜሪካ የተሠሩት ቮልሶች እስከ መጨረሻው በታምቡር ቀሩ። ስለዚህ የቮልሳችሁ ምርት ዘመን አዲስ መሆኑ ብቻ ዲስክ አለው ማለት አይደለም፤ ጎማውን አውልቃችሁ እዩ።

ርካሹን መንገድ የሚያሳየን ይኸው ታሪክ ነው። ዕቃውን ከመኪናው ዘመዶች ፈልጉ። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ነገር ብየዳ አይጠይቅም፣ ቶርኖ ቤት የሚቀረጽ ልዩ ብረት አይጠይቅም፣ ነገ ሸራ ሲያልቅም በዕቃው ስም ተጠርቶ ይገኛል። ለቮልስ ዘመዶቹ ካርማን ጊያ፣ ባለ 1500ው፣ እንዲሁም ፊት ላይ ዲስክ ይዘው በብራዚል የተሠሩት ናቸው። ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 ያለውም ሰው በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ ኋላ የወጡት ላንድክሩዘሮች ፊት ላይ ዲስክ ስላላቸው። ከሌላ መኪና ካሊፐር አምጥቶ በብየዳ መለጠፍ መጀመሪያ ርካሽ ይመስላል። እኔ አልመክርም። የፍሬን ሙሉ ጉልበት የሚያርፍበት ቁራጭ በብየዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቤተሰብ ጭኖ መሄድ ልቤ አይፈቅድም።

በተግባር ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ያገለገለ የካርማን ጊያ ሙሉ እግር፣ ማለትም ዲስኩ የሚዞርበት ዘንግ፣ ዲስኩና ካሊፐሩ አብረው። ሁለተኛው በራሱ በቮልሱ የታምቡር ዘንግ ላይ ካሊፐር መያዣ ብረት ጨምሮ የሚታሰር ሙሉ ኪት፤ በቮልስ ዕቃ የሚነግዱ የውጭ ሱቆች ይሸጡታል። ሁለቱንም ከመግዛት በፊት የራስን መኪና ማወቅ ይቀድማል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ነሐሴ በፊት የተሠሩት የፊት እግራቸው በፔርኖ (በብረት ካስማ) የሚዞር ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በቦል ጆይንት (ኳስ በመሰለ መጋጠሚያ) ነው። የአንዱ እግር ለሌላው አይሆንም። የቸርኬው ብሎን ብዛትም አለ፦ የድሮዎቹ አምስት ናቸው፣ በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፤ ኋላ የመጡት አራት ናቸው፣ በ130 ላይ። ፊቱን አራት፣ ኋላውን አምስት አድርጎ የሚቀር ሰው ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ጎማ መያዝ ሊኖርበት ነው። ካሊፐሩም ቦታ ይፈልጋል፤ ቸርኬውን አስገብታችሁ በእጅ አዙሩት፣ የትም እንዳይነካ።

ሶማሌ ተራ ካሊፐር ስታዩ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ለመግፋት ሞክሩ። ዝገት የያዘው አይነቃነቅም፣ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) በመቀየርም አይድንም። ዲስኩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ከተሰማችሁ ብዙ ተበልቷል ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከባዱን ብረት አታሸክሙት፤ ጎሚኒውን፣ የጎማ ቱቦዎቹንና ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ሲሊንደር) ይዞ ቢመጣ ክብደቱም ያንሳል፣ እዚህ ጥራቱን ማረጋገጥ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ሥራው ላይ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ትንሽ ነገር የግራ ፊት ጎማ ናት። በቮልስ የግራ ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የታገለ ሰው ዘንጉን ያበላሻል። የፍጥነት መለኪያው ገመድም የሚነሳው ከዚሁ ጎማ ነው። በዘንጉ መሃል አልፎ ይመጣና ጫፉ ኩሽኔታውን የሚሸፍነው ክዳን ላይ ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይያያዛል። አዲሱ ዲስክ ላይ የተገጠመው ክዳን ቀዳዳ ከሌለው ፍሬኑ ይሠራል፣ የፍጥነት መለኪያው ግን ዜሮ ላይ ይቀራል።

ማስተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኔም ራስ ምታት ከዚያ ስለመጣ። የታምቡር ማስተር፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ትንሽ ግፊት መስመሩ ላይ የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ታምቡር ውስጥ ጠንካራ ሞላ ስላለ ሸራውን ለመመለስ አያግደውም። ዲስክ ያ ሞላ የለውም። ሸራውን የሚመልሰው የጎሚኒው ትንሽ መለጠጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ እንደተለጠፈ ያቆየዋል። እኔን የሠራልኝ መካኒክ የድሮውን ማስተር ትቶልኝ ነበር። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲሞከር ጥሩ ነበር። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ ሞተሩ ከበደው፣ ወርጄ ቸርኬው አጠገብ እጄን ሳስጠጋ እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ዲስክ ያስገባሁት ሙቀት ሽሽት ነበርና አዝኜ ተመለስኩ። ለዲስክ የተሠራ ማስተር ሲገባ ችግሩ ጠፋ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ መንስኤም አለ፦ በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ከሌለ ዘይቱ የሚመለስባት ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፣ ፍሬኑም አይለቅም። ሥራው እንዳለቀ መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ። በቀላሉ መዞር አለበት።

የኋላውን ታምቡር ተዉት። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይወርዳል፣ የፊት ጎማዎች የበለጠ ይሠራሉ፤ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ከኋላ ታምቡር ነው። ፋብሪካው ዲስክ ባላቸው ቮልሶች ላይ ራሱ ያወጣው ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው። ኋላውን ብቻ ወደ ዲስክ መቀየር ደግሞ አደገኛ ነው፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከታሰረ መኪናው ዞሮ ይቆማል።

ቅርንጫፍ ቱቦዎችን ስታስቀይሩ ንጹህ የመዳብ ቱቦ አትቀበሉ፤ ንዝረት ይሰብረዋል። የድሮው ታምቡር ሲከፈት የሚወጣው ዱቄትም አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በኮምፕሬሰር አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አየር ማስወጣት የሚጀመረው ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ የግራ ፊት።

ቦሌና ፒያሳ መካከል ብቻ ለሚመላለስ ሰው ግን ይህን ሁሉ ወጪ አልመክርም። ገንዘቡን ታምቡሩ ላይ ያውለው፦ አዲስ ሸራ፣ አዲስ የጎማ ቱቦ፣ አዲስ ዘይት፣ ክብነቱ የጠፋ ታምቡር ካለም ቶርኖ ቤት ማስላጥ። ማስተካከሉ ራሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጎማው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በትንሿ ቀዳዳ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይገባል፤ ውስጥ ያለችው ባለ ጥርስ ማስተካከያ ጥርስ በጥርስ ትዞራለች፣ ጎማው እስኪይዝ። ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ወደ ኋላ ትመለሳለች። በአንድ ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለ፣ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ። ብዙ «የማይዝ» ቮልስ ያየሁት ሁለተኛዋ ተረስታ ነው።

ዲስኩን ላስገባ ሰው የቀረው ሸራውን ማለማመድ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በየመሃሉ ነፋስ እያስመቱ። ሸራውና ዲስኩ እየተላመዱ ሲሄዱ መጀመሪያ የደነደነ የመሰለው ፔዳል እየተስተካከለ ይመጣል። ቁልቁለት ከዚያ በኋላ፣ በዝቅተኛ ማርሽ። እኔ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው፤ ታች ደርሼ ስረግጥ ፔዳሉ እላይ እንጦጦ ሳለሁ በነበረበት ቁመት ነበር።