የስኳር መለኪያው ለምን ሁለት ቁጥር ይሰጣል?

«አሁን 142 አለኝ፣ ወዲያው ስደግመው 155። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ስለመጣ ነው የምጽፈው።

አልተበላሸም። የቤት መለኪያ የሚሰጠን የተጠጋጋ ቁጥር ነው። የ2013ቱ ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 15197፣ ከ100 ውጤት 95ቱ ከላቦራቶሪው ቁጥር ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል። ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ከ15 ነጥብ በላይ። ስለዚህ ትክክለኛው 150 ከሆነ፣ 130ም 170ም ያስኬዳል።

ትልቁን ስህተት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ግን ጣታችን ነው። ብርቱካን ልጣችሁ ሳትታጠቡ ብትለኩ፣ ጣት ላይ የቀረው ጭማቂ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል። ጠብታዋ እኮ ኢምንት ናት! ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። በሳሙና ታጠቡ፣ ደግሞም በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። ስትሪፑም፣ ደሙን የምናስነካው ቀጭኑ ወረቀት፣ የዕቃው ክዳን ተከፍቶ ከዋለ ወይም ሙቀት ካገኘው አይታመንም።

ከማሽን ማሽን የሚለያየው የደም ማነስ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ አንዳንዶቹ ያስተካክሉታል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ሲወርድ የሚመጣው ላብና መንቀጥቀጥ እያለ ማሽኑ «ደህና ነህ» ቢል ግን፣ እባካችሁ ሰውነታችሁን ስሙ።